መስኮቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ

"ሲስተር፣ እባክዎ ይህን ልጅ ይምከሩልኝ" አለችኝ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዲት የሠፈራችን እናት። ልጇ አምና በማኔጅመንት ተመርቋል። ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ቢያጣ ከጓደኛው ጋር ሆኖ የቆዳ ቦርሳና ቀበቶ እየሰፋሁ ልሽጥ ብሎ ተነስቷል። "ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ወስፌ ሊይዝልኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?" አለችና ዐይኗ እንባ አቀረረ።

ያን ዕለት የነገርኳት የራሴን ጥፋት ነው። ዛሬ ለእናንተም እነግራችኋለሁ፤ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ በእጅ ሥራ የተሰማራባችሁ ሁሉ ስሙኝ።

ታናሹ ልጄ የተመረቀው በአካውንቲንግ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የትምህርት ማስረጃውን በፋይል ይዞ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሲዞር ከረመ። አንድ ቀን የሟች አባቱን ቀበቶ ከቁም ሳጥን አወጣ። ቆዳው ተሰነጣጥቋል፣ የነሐስ ዘለበቱ ግን እንዳለ ነው። ከመርካቶ ቁራጭ የበሬ ቆዳ ገዝቶ፣ በአሮጌው ልክ ቆርጦ፣ ዘለበቱን መልሶ ሰፋበትና ታጠቀው። ጓደኞቹ አይተው "ለእኔም ሥራልኝ" አሉት። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

እኔ መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነበር ያየሁት። በዚያ ዓመት መስቀል ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቡና እየጠጣን ሳለ ታላቅ ወንድሜ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ "ትንሹ ሥራ ያዘ ወይ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ሳልመልስ አንዷ የእህቴ ልጅ ቀደም ብላ "ቀበቶ ይሰፋል" አለች። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ከእኛ ዘር ፋቂ ወጥቶ አያውቅም" አሉ። ቤቱ ሳቀ። ልጄም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

በማግስቱ "ሥራህን ተው" አላልኩትም። ከዚያ የከፋ ነገር አደረግሁ። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጠሁትና "እዚያ ሆነህ ሥራ፤ በሩንና መስኮቱንም ዝጋ" አልኩት። ቆዳ ከቆዳ የሚያጣብቁበት ማስቲሽ ሽታው አጥር ዘሎ ይሄዳል። በከተማችን ደግሞ ማስቲሽ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ጎዳና ላይ በፕላስቲክ እያደረጉ የሚስቡት ምስኪን ልጆች ናቸው። "የሲስተር ልጅ ማስቲሽ ጀመረ" እንዳይባል ፈራሁ። ሰው ሲጠይቀኝም "የግል ሥራ ይሠራል" እያልኩ አልፍ ነበር።

ልጄ ታዛዥ ነው፤ እንዳልኩት ዘጋ። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀባል፣ ይለጥፋል፣ ይሰፋል። ማታ ራሴን አመመኝ ይላል፤ "ዐይንህን አሳርፍ" እለዋለሁ። ሰባት ወር ያህል እንደቆየ መርፌ ከእጁ መውደቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያየ "እማዬ፣ ካልሲ ሳላደርግ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኛል" አለኝ።

አንድ ክሊኒክ ብቻውን ሄደ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "አካውንታንት" አላቸው። የቫይታሚን ቢ መርፌ ታዘዘለትና ተመለሰ። ወር ቢወጋም ለውጥ አልነበረም፤ እንዲያውም ደረጃ ሲወጣ እግሩ ይጎተት ጀመር። በሁለተኛው ጊዜ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀና ብሎ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለው። ልጄ አልመለሰም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዐይኔ አይጠፋም። ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው የገዛ ሥራውን ስም ለመጥራት ከእናቱ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር።

"ቀበቶ ሰፊ ነው" አልኩት ለሐኪሙ። "በማስቲሽ ነው የሚሠራው፤ በተዘጋ ክፍል። መስኮቱን ያዘጋሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙያዬ ላስረዳችሁ። አንዳንድ የጫማና የቆዳ ማጣበቂያዎች ውስጥ ሄክሴን የሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ አለ። ማጣበቂያው በደረቀ ቁጥር ወደ አየር የሚሄደው እሱ ነው። አየር በማይገባበት ቤት ለወራት የሳበው ሰው ነርቩ ይጎዳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከረጅሞቹ ነርቮች ጫፍ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚደነዝዙት የእግርና የእጅ ጣቶች ናቸው፣ ካልተቋረጠ ወደ ላይ እየወጣ ጡንቻ ያደክማል። ሌላው በማጣበቂያ ውስጥ የሚገኘው ቶሉይን የሚባለው ደግሞ ራስ ያማል፣ ያዞራል። በጃፓን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በየቤታቸው ነጠላ ጫማ እየለጠፉ የሚተዳደሩ ሰዎች እጅና እግራቸው እየደነዘዘ ሆስፒታል ሲገቡ፣ መንስኤው ይኸው በማጣበቂያው ውስጥ ያለ ሄክሴን ሆኖ ተገኝቷል። እነሱም እንደ ልጄ የቤት ውስጥ ሠራተኞች ነበሩ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህን ትምህርት የማላውቀው አለመሆኔ ነው። ራማዚኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሐኪም በሽተኛን ከሚጠይቀው ጥያቄ ላይ "ሥራህ ምንድን ነው?" የሚለውን እንዲጨምር መክሯል። እኔም ተለማማጅ ነርሶችን ስቀበል "ሥራውን ሳትጠይቁ ካርድ አትዝጉ" እያልኩ ኖሬያለሁ። በገዛ ቤቴ ግን ሥራውን የማውቀውን ልጅ ሥራውን እንዲደብቅ አደረግሁት።

ልጄ ለአራት ወር ማስቲሽ አልነካም። ይህ ሕመም ከመንስኤው ቢርቁም ወዲያው አይለቅም፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊብስ ይችላል። የእጁ ድንዛዜ ቀስ በቀስ ለቀቀው። የእግሩ ግን ዓመት ሊሞላው ነበር። በጊዜ ስለደረስንበት እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

እሱ ሲያገግም እኔ ደግሞ ያ "ፋቂ" የሚል ቃል ለምን እንዲህ እንዳስፈራኝ ማሰብ ያዝኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ነበር። ቆዳ አልፊ የሆነ ሰው ሚስት የታመመ ሕፃን አዝላ ስትመጣ፣ ወረፋ የያዙት እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑና አግዳሚውን ለቀው ይነሱ ነበር፤ ቡዳ ናት፣ ትበላብናለች ብለው። እኔ ምን አደረግሁ? "ግርግር እንዳይነሳ" ብዬ እሷን መጨረሻ ላይ አስገባ ነበር። ልጇ የሚያቃጥል ትኩሳት ኖሮትም እንኳ። እሷም አንድ ቀን አልተከራከረችም።

ያቺ ሴት ሕፃኗን ያዘለችበት አንቀልባ በባሏ እጅ የተሠራ፣ ዛጎል የተደረደረበት፣ እጅግ ያማረ ነበር። የሚሸሿት እናቶች ያዘሉበት አንቀልባም ቢሆን ከዚያው ከባሏ የተገዛ ነው። አስቡት፤ መንገደኛው ስንቁን የሚይዝበት አገልግል በቆዳ የተለበጠ ነው። እህል የሚቋጠርበት ስልቻ፣ የሚተኛበት የጠፍር አልጋ፣ የካህኑ መጽሐፍ ብራናና ማኅደሩ፣ የከበሮው ቆዳ፣ የአርበኛው ዝናርና የጎራዴው አፎት ሁሉ ከቆዳ ሠራተኛ እጅ የወጣ ነው። ስንወለድ የታዘልንበትን፣ ስንጸልይ የሰማነውን፣ ስንዘምት የታጠቅነውን የሠራልንን ሰው ሰድበን ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። ያ አዋጅ እኔ ቤት ሳይደርስ ከመቶ ዓመት በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ልጄ ወደ ሥራው ሲመለስ ሰርቪሷን አልሰጠሁትም። የፊት በረንዳው ላይ፣ ከመንገዱ ትይዩ፣ ጠረጴዛ አስቀመጥንለት። የመጀመሪያው ሳምንት አላፊ አግዳሚው ሲያየው እኔ ጓዳ ገብቼ እሸሸግ ነበር፤ አልዋሻችሁም። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤታችን ጡረተኛው አስተማሪ ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። በሦስተኛው እኔም ቡናዬን ይዤ ወጣሁ።

ቁጭ ብዬ ሳየው ነው ሥራውን ያወቅሁት። ጥሩ ቀበቶ የሚወጣው ከበሬው ጀርባ ነው፤ የሆዱ ቆዳ ስለሚለጠጥ ቀበቶው ብዙ ሳይቆይ ይጣመማል። የበግና የፍየል ሌጦ ቀጭን በመሆኑ ለቦርሳና ለገበር ይሻላል። ልኩ የሚወሰደው ከዘለበቱ ማጠፊያ እስከ መካከለኛው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው አምስት ከሆነ ሰውየው ቢከሳም ቢወፍርም በየወገኑ ሁለት ሁለት ይተርፈዋል። ስፌቱ ደግሞ ያስገርማል። አንድ በሰም የታሸ ክር በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይደረግለታል፤ ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ይተላለፋሉ። አንዱ ጥልፍ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የመኪና ስፌት ግን አንዴ ከተበጠሰ ይተረተራል። ከሕመሙ ወዲህ ልጄ በማስቲሽ ፈንታ በስፌት እየያዘ ይሠራል፤ ማስቲሽ የሚነካው ግድ ሲሆን ብቻ፣ ያውም ግቢው መሐል ወጥቶ ነው።

ሒሳቡን መጀመሪያ አያውቅበትም ነበር፤ አካውንታንት ሆኖ እንኳ! ቆዳና ዘለበት ብቻ 600 ብር የፈጀበትን ቀበቶ በ700 ብር ሸጦ አተረፍኩ ይል ነበር። ግማሽ ቀን የፈጀው ጉልበቱ፣ ክሩ፣ በመዥገር ጠባሳና በቢላ ጭረት የተበላሸው ቁራጭ፣ የታክሲው ዋጋ አልተቆጠረም። አሁን ደብተር አለው። እናንተም ልጃችሁ እንዲህ ያለ ሥራ ከጀመረ "ስንት ሸጥክ?" ከማለት በፊት "የእጅህን ዋጋ ቆጠርክ ወይ?" በሉት።

ሥራው መስመር ከያዘ በኋላ ነው ከልጄ ጋር የተጣላንበት ጉዳይ የመጣው። የጥበቃ ሥራ የሚሠሩ አንድ ሰው ቀበቶ ካሠሩ በኋላ "ለሽጉጤም አፎት ሥራልኝ፤ ሌሎች ባልደረቦቼም ይፈልጋሉ" አሉት። እኔ "በዚህ ቤት አይሆንም!" አልኩ።

ምክንያቴ የድሮ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በአንድ የሌሊት ተረኛነቴ አንድ አባት የአምስት ዓመት ልጃቸውን አቅፈው ገቡ። ሽጉጡ ትራስ ሥር ነበር፤ ልጁ አገኘውና ቃታውን ሳበው። አልተረፈም። አባትየው እስኪነጋ ድረስ "ትራስ ሥር ነበር" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ የሚባል ነገር ሲነሳ ያ ሌሊት ይመጣብኛል።

ልጄ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማኝና "እማዬ፣ ሰውየው ሽጉጡን የሚይዙት ያለ ምንም መያዣ፣ ሱሪያቸው ውስጥ ሸጉጠው ነው። እኔ ባልሠራም ሽጉጡ አለ። ቃታው ግን አሁን ክፍት ነው" አለኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት። በሦስተኛው ቀን አፎት እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት።

ነገሩ ለካ ትልቅ ጥንቃቄ አለው። አፎት ቃታውን ከነቀለበቱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፤ ጣትም፣ የልብስ ጫፍም እንዳይገባ። ቆዳው ወፍራምና ደረቅ ያለ፣ በተክል ቅርፊት የለፋ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ውኃ ሲነካው ቅርጽ ይቀበላል፣ ሲደርቅም ያንኑ ይይዛል። ልስልስ ቆዳ ወይም አርጅቶ የላላ አፎት አደጋ ነው፤ አፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽጉጡ ሲገባ ቃታውን ሊገፋው ይችላል። ከላይ በቁልፍ የሚያዝ ማሰሪያ ካለው ሰውየው ቢሮጥ ወይም ጎንበስ ቢል አይወድቅም። የሚታሰርበት ቀበቶም ሰፋና ጠንከር ያለ መሆን አለበት።

ተስማማሁ፤ ግን በሦስት ቃል። አንደኛ፣ ሽጉጥ ለልክም ቢሆን ከዚህ በር አይገባም፤ ቅርጹ በእንጨት ተቀርጾ ቆዳው በእንጨቱ ላይ ይወጠር። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን ሳያሳይ ለማንም አይሠራም፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን እንደሚከለክል ልጄም ደንበኞቹም ያውቁታል። ሦስተኛ፣ አፎቱን ሲያስረክብ አንድ ነገር በቃሉ ይንገራቸው፦ አፎት የመንገድ ነው፣ የቤት አይደለም። ቤት ሲገቡ ጥይቱ ይውጣ፣ ሽጉጡ ይቆለፍበት፣ ጥይቱም በሌላ ቦታ ለብቻው ይቆለፍበት። ትራስ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ፍራሽ ሥር መቆለፊያ አይባልም፤ ልጆች የማያገኙት የመሰለንን ነገር ሁሉ ያገኛሉ። ልጄ ይህን ሲናገር በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ፤ ከረሳ አስታውሰዋለሁ። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። እኚያ የመጀመሪያው ደንበኛ ግን ሳይስቁ "ሲስተር፣ እኔም የልጅ ልጆች አሉኝ" ብለውኛል።

ለዚያች እናት ከታሪኬ በኋላ የሰጠኋት ምክር ይህ ነው፤ እናንተም ያዙት። ማጣበቂያ የሚነካው አየር በሚተላለፍበት፣ ቢቻል ደጅ ላይ ነው። በጥቂቱ እየቀዱ፣ ክዳኑን ወዲያው መዝጋት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ስለዚህ የሚድህ ሕፃን ባለበት ቤት ፈጽሞ አይሆንም። እሳትም ይስባል፤ ከከሰልና ከምድጃ ይራቅ። የጨርቅ ማስክ አቧራ ቢቀንስ እንጂ ትነት አያግድም። ማጣበቂያም ሆነ ቤንዚን በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ውኃ መስሎት የጠጣ ሕፃን ተቀብያለሁ። እጅ በቤንዚን አይታጠብ። ወስፌና ቢላ የሚይዝ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ያሟላ። ጥሬ ቆዳ የሚነካ ከሆነ ደግሞ ታሞ የሞተ ከብት ቆዳ በነፃ ቢሰጡትም አይቀበል፤ አባ ሰንጋ ከቆዳ ወደ ሰው ይተላለፋል። ጣት መደንዘዝ ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ፈጥኖ መሄድ ነው፤ ስኳርና ሌላ ሕመምም ሊያመጣው ስለሚችል ይመረመር። ሲጠየቅም ሥራውን በስሙ ይጥራ።

ዘንድሮ ለመስቀል ጋሼ ቤት ስንሄድ ልጄ የሠራውን ቀበቶ በስጦታ ወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። "ከየት ገዛሽው?" አሉኝ እያገላበጡ። ዙሪያችን ሰው ሞልቷል። "ልጄ ነው የሠራው። ሥራው ቀበቶ መስፋት ነው" አልኳቸው ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት፣ ከዚያ ወንበሩ ክንድ ላይ አስቀመጡትና ቡናቸውን ጨረሱ። ይታጠቁት አይታጠቁት አላውቅም። ልጄ ግን ከወዲያ ጥግ ቀና ብሎ አየኝ፤ በዚህኛው አስተያየቱ ፈቃድ አልጠየቀኝም።